የፍራሽ ሰሪዋ ሳቅ

እናቴ ፍራሽ ሰሪ ናት። እንዲህ ስል አንዳንዱ ሰው «እሺ፣ ሌላስ?» ይለኛል። ሌላ ምን አባቱ ይፈልጋል? የዕድሜውን ሲሶ የሚያሳልፈው እኮ ፍራሽ ላይ ነው። በሰፈራችን የተጣላው ባልና ሚስት የታረቀው፣ የታመመው ያገገመው፣ ሰነፉ እስከ ረፋድ የተኛው እናቴ በሰፋችው ላይ ነው። ወስፌዋን በዚህ በኩል ሰክታ በዚያ በኩል ስታወጣው፣ ሲባጎውን ሁለቴ ጠምጥማ ጥብቅ አድርጋ ስትቋጥረው ያየ ሰው ይገባዋል። ያንን ቋጠሮ የሚፈታ ጎረምሳ ገና አልተወለደም።

አንድ ችግር ብቻ ነበረባት፤ ሳቅ። እንደ ሰው አይደለም የምትስቀው። መጀመሪያ «ህም» ትላለች፣ ማስነጠስ እንደመጣበት ሰው። ቀጥሎ ከየት እንደሚወጣ የማይታወቅ፣ ዘይት የናፈቀው የበር ማጠፊያ የሚመስል ቀጭን ሲጥታ ይመጣል። ከዚያ ወዲያ ማን ያቆመዋል! ናዳ ነው። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ እንባዋ ይወርዳል፣ አጠገቧ ያገኘችውን ሰው በጥፊ ትለዋለች፣ መጨረሻ ላይ ትንፋሿ ሲያልቅ «ወይ ጉዴ!» ብላ ትዘጋዋለች። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ይህ ሳቅ በመጣ ቁጥር ደንግጦ መርፌ ይሰብር ነበር ይባላል። ሲሰብር አላየሁም፤ ሲራገም ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ማለት ነው፣ አኮርዲዮን ተጫዋች ነው። የሠርግ ባንድ አለው። ዘፈኑ ሲሞቅለት «ሽቅብ! ሽቅብ!» እያለ ስለሚጮህ ስሙ ሽቅብ ሆኖ ቀረ። አባቴ በዚሁ ባንድ ውስጥ ድራም ይመታል። እናቴን ያገኛት የድራም ወንበሩን ስፖንጅ ሊያስቀይር ሄዶ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጤነኛውን ወንበር ራሱ እየቀደደ ይመላለስ ጀመር። ሳክስፎን የሚነፋው ደግሞ ክር የሚባል ረጅም ቀጭን ሰው ነው፤ ለምን ክር እንደተባለ ያየው ሰው አይጠይቅም።

ይህ ባንድ አንድ ሕግ ነበረው፤ የተጀመረ ዘፈን አይቆምም። ድንኳን ቢወድቅ አይቆምም፣ መብራት ቢጠፋ አይቆምም። አንድ ጊዜ ሙሽራው ራሱ ሐሳቡን ቀይሮ በጓሮ በር ሮጦ ወጥቷል። እነሱ ያንኑ አንዲት ሐረግ እየደጋገሙ ጠበቁት፣ ሰውየው ላቡን እየጠረገ ተመለሰ። አጎቴ «ባናቆም ነው የተመለሰው» ብሎ እስከ ዛሬ ይምላል።

አንድ ዓመት ሠርግ ጠፋና ባንዱ ሥራ ፈታ። ሥራ የፈታ ሙዚቀኛ ደግሞ ምን እንደሚያስብ አይታወቅም። አጎቴ ፊልም ልሥራ ብሎ ተነሣ። እናቴ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ብላ መከረችው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ታሪኩን የጻፈው ዘፈኑን ከጨረሰ በኋላ ነው። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ በግንቡ ማዶ መስኮቷ ላይ አበባ የምታጠጣ ሴት ይወዳል። ያፏጭላታል፤ እሷም ልብስ ስታሰጣ በልብሱ ቀለም ትመልስለታለች። በመጨረሻ ሰውየው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ይሞታል፣ ኮፍያው መሬት ላይ ይወድቃል። በቃ ይኸው ነው። በፊልሙ ውስጥ አንድም ሰው አይናገርም፤ አጎቴ ወሬ ዜማ ያበላሻል ባይ ነው።

የጥበቃ ሠራተኛውን የሠራው ክር ነው። አጎቴ ተዋናይ የሚያዘው እንደ ባንድ ነበር። «እዘን» ወይም «ተከዝ» አይልም፤ እግሩን መሬት ላይ እየመታ ይቆጥራል። በአራተኛው ምት ዞር በል፣ በስምንተኛው ኮፍያህን ንካ፣ በአሥራ ስድስተኛው ትሞታለህ። ምስኪኑ ክር አንድ ቀን ምቱን ስቶ ቀድሞ ሞተና እንደገና ተነሥቶ እንዲሞት ተደረገ።

ሙዚቃው የተቀዳው እናቴ ሱቅ ውስጥ ነው። አዎ፣ እዚያው ፍራሽ ሱቅ! ግድግዳው ሁሉ ስፖንጅ ተደግፎበታል፣ ጥግ ጥጉ የጥጥ ከረጢት ነው፤ የውጭ ጫጫታ ዝር አይልበትም። አንዷን ማይክሮፎን ከጣሪያው ላይ አንጠለጠሏት። ድራሙ ጮኸብኝ አለ አጎቴ፤ ስለዚህ አባቴን ጥግ ወስደው፣ ተሞልተው ገና ያልተሰፉ ፍራሾች ክምር ላይ አስቀመጡት። እኔ ያኔ የወተት ጥርሴ እየወለቀ ነበር፤ በር ላይ ቁጭ ብዬ ሁሉንም አይቻለሁ። እናቴ ሱቄን ትቼ አልወጣም ብላ መሀል ላይ ቆማለች፤ ማይክሮፎኗ በላይዋ ነው፤ እንዳትንቀሳቀስ ታዝዛለች።

የሞቱን ዘፈን ጀመሩ። ዘፈኑ እውነትም ያሳዝናል፤ ክር የራሱን ሞት በሳክስፎን እያለቀሰ ነው። አባቴ በቀስታ ይመታል። እየመታ ሳለ ከሥሩ ያለው ጥጥ ወደ ጎን ሸሸት አለ። አባቴ ትንሽ ሰመጠ። ጨምሮ ሰመጠ። የተጀመረ ዘፈን አይቆምም! ራሰ በራው እንደምትጠልቅ ጨረቃ ከድራሙ ጀርባ ሲወርድ፣ እጁን ከፍ እያደረገ መምታቱን ቀጠለ። በመጨረሻ ከዚያ ክምር ውስጥ የሚታየው ሁለት እጅና ሁለት ዱላ ብቻ ሆነ፤ አንድ ምት ግን አልሳተም።

እናቴ «ህም» አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ሲጥታው መጣ፣ ናዳው መጣ፣ ልክ ሳክስፎኑ የመጨረሻዋን ኖታ ሲተነፍስ «ወይ ጉዴ!» መጣ። ማንም አላቆመም። አጎቴ ቴፑን ጠቅልሎ ምንም ሳይናገር ወጣ፤ አባቴን እኛ በእግሩ ስበን አወጣነው።

ፊልሙ በተከፈተ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር፤ የባንዱ ዘመድ ሁሉ ክቱን ለብሶ መጥቷል። ድምፁ ከምስሉ ጋር አልነበረም፤ ለብቻው በቴፕ ነው የሚጫወተው። ያለው ደግሞ አንድ ቴፕ ብቻ ነው፤ አጎቴ ዜማ ሁለት ቦታ አይቀመጥም የሚል የራሱ ፍልስፍና አለው፣ ይህ ፍልስፍና ኋላ ላይ ጉድ ሠራን። ምስኪኑ ጥበቃ ሞተ። አዳራሹ ውስጥ አፍንጫ መሳብ ተጀመረ። ኮፍያው ወደቀ። ያኔ ከሰማይ ይሁን ከምድር ያልታወቀ የሴት ሳቅ በድምፅ ማጉያው ተለቀቀ። ሰው መጀመሪያ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ተያየ፣ ከዚያ በሳቅ ፈነዳ። አጎቴ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ በጎን በር ወጣ። እናቴ አየችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ሰው ፊት ስቃ አታውቅም። ጥርስ ባዳ ነው፣ ወንድሜ ሲያለቅስ ይስቃል፣ አለች። ጨርሶ መሳቅማ የት ይቻላታል! ሳቅ ሲመጣባት ሻርፗን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ወደ ጓዳው መጋዘን ትሮጣለች፤ ያገኘችው ፍራሽ ውስጥ ፊቷን ቀብራ ትስቅና ዓይኗን ጠርጋ ትመለሳለች። ደንበኛው ምን እንደነካት ግራ ይገባዋል። እኔን ብትጠይቁኝ በዚህ ከተማ የእናቴ ሳቅ ያልገባበት ፍራሽ የለም። አጎቴም ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል ትንፍሽ አላለም። ይመጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ስለ ሁሉ ነገር ያወራል፤ ስለ ፊልሙ ሲሆን ዝም። ያ ዝምታ እናቴን ከስድብ የባሰ በላት። ሳቁ የማን እንደሆነ ለማንም እንዳንናገር ሁላችንንም አስማለችን።

ፊልሙ ሞተ ተብሎ ነበር። ግን የሲኒማ ቤቱ ባለቤት የሚያሳየው ሲያጣ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ለቀቀው። መጀመሪያ የመጡት ሳቁን ለጓደኞቻቸው ሊያሰሙ የፈለጉ ተማሪዎች ነበሩ። ቀጥሎ ጓደኞቻቸው ጓደኞቻቸውን አመጡ። እየዋለ እያደረ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ጥበቃው ሲያፏጭ አዳራሹ በሙሉ ያፏጫል። ሴትዮዋ ቀይ ልብስ ስታሰጣ ቀይ ሻርፕ ያመጡት ያውለበልባሉ። ሰውየው ሲሞት ኮፍያ ያለው ሁሉ ኮፍያውን መሬት ላይ ይጥላል፣ ጸጥ ይላል፤ ከዚያ «ህም» ሲመጣ አብሮ «ህም»፣ ሲጥታው ሲመጣ አብሮ ሲጥ፣ ናዳው ሲመጣ አብሮ ናዳ፣ በመጨረሻ ያ ሁሉ ሰው ባንድ ድምፅ «ወይ ጉዴ!» ይላል። ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ በዚያው ዘፈን የሚሞሸር ሙሽራ ተገኘ። ጎረምሶች መንገድ ላይ ሲገናኙ በሰላምታ ፈንታ «ወይ ጉዴ!» ይባባላሉ። እናቴ ይህን በሰማች ቁጥር እያፌዙባት ይመስላትና ሻርፗን ወደ ፊቷ ትስባለች። አዳራሹ ደጃፍ እንኳን አልደረሰችም።

ያበሳጨኝ አንድ መነጽራም ነው። ጋዜጣ ላይ ረጅም ነገር ጻፈና ያ ሳቅ ሞት እራሷ ናት፣ ሞት በሰው ልጅ ከንቱነት እየሳቀች ነው፣ ዳይሬክተሩ በጥልቅ አስበው ነው ያስገቡት አለ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። አባቴ ሻዩ ትን አለው። እናቴ ግን ከምር አዘነች፤ ዕድሜ ልኬን ለሰው መኝታ ስሰፋ ኖሬ ሞት ልባል? አለች።

አንድ ቅዳሜ ያ አንድ ቴፕ፣ ሲጫወት ሲጫወት ሳስቶ የኖረው ቴፕ፣ ልክ የሞቱ ቦታ ላይ ተበጠሰ። ማሽኑ እየፈተለ በላው። ተመልካቹ ዘፈኑን በአፉ ጨርሶ ወጣ አሉ። የሲኒማ ቤቱ ባለቤት ግን ሌላ ሐሳብ ነበረው፤ ወንበሮቹን ነቅሎ አዳራሹን ለመጋዘን ሊያከራየው ሲፈልግ ከርሟል። ለአጎቴ ቁርጡን ነገረው፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ድምፅ ካለ ፊልሙ ይቀጥላል፣ ድምፅ ከሌለ የመጨረሻው ነው።

አጎቴ ሰኞ ዕለት አኮርዲዮኑን አዝሎ ሱቃችን መጣ። እናቴ ጥጥ ትበጥር ነበር። ቅዳሜ ባንዱ መድረክ ላይ ሆኖ ከምስሉ ጋር በቀጥታ እንደሚጫወት ነገረን፤ አባቴ አለ፣ ክር አለ፣ ሁሉም ዘፈኑን በሕልሙም ቢሆን ያውቀዋል። አንድ መሣሪያ ብቻ ጎደለ አለ። የምታስመስል ሴት ቀጥረው ሞክረው ነበር፤ ክር ሰምቷት አሟት ነው እንዴ ብሎ ሳክስፎኑን አስቀመጠ።

«እታለም፣ ያላንቺ አይሆንም» አላት አጎቴ።

እናቴ ጥጡን ለቀቀችው። «ፊልምህን ካበላሸሁብህ በኋላ?»

«ማነው አበላሸሽ ያለሽ?»

«ማንም አላለኝም። አንተ ዝም አልከኝ።»

አጎቴ አፉን ከፈተ። በዚያው ቅጽበት አንድ ደንበኛ የተቀደደ ፍራሽ በጋሪ አስጭኖ «እዚህ ጋ አውርደው!» እያለ ገባ፤ ፍራሹ በሩ ላይ ተሰነቀረ፣ ስንገፋ ስንጎትት፣ ዞር ብንል አጎቴ የለም። እሱ እንደሆነ የልቡን የሚናገረው በአኮርዲዮን ብቻ ነው። እናቴ ጥጧን መልሳ አነሣችና፣ ያኔ የማይሆን ቦታ ስቄ አበላሽቼበታለሁ፣ አሁን በሚሆንበት ቦታ ባልስቅለት ሁለተኛ አበላሸሁበት ማለት ነው፣ እሄዳለሁ አለች።

ሄጄ እስቃለሁ ማለት ቀላል ነው። እስቲ ሳቂ ሲሏት ጭራሽ ጠፋባት! ዝንብ ሲወድቅ መጋዘን የምትሮጥ ሴት፣ ያን ሳምንት ፊቷ እንደ ዳኛ ሆነ። ክር መጥቶ የሙሽሮች ቀልድ ነገራት፤ በጨዋ ደንብ አዳመጠችውና ከዚያስ ምን ሆነ አለችው። አባቴ የሷን ቀሚስ ለብሶ ሱቁ ውስጥ ዞረ፤ ጨርቁ በብብቱ በኩል እንዳይቀደድ ተጠንቀቅ ብላው ሥራዋን ቀጠለች። እኔ እግሯን ኮረኮርኳት፤ ረገጠችኝ። ሐሙስ ላይ እንቅልፍ አጣች፤ አንድ ስፌት ስታ ፈታችው። እናቴ ስፌት ስትፈታ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

መላውን ያመጣው አባቴ ነው። ያኔ ያሳቀሽ የኔ መስመጥ ነው፤ እንግዲያው እንደገና እሰምጣለሁ! አለ። ዕቅዱ የዋዛ አልነበረም። እናቴ ራሷ ላላ ያለ፣ ሲቀመጡበት አፉን የሚከፍት ፍራሽ ትሰፋለች፤ አባቴ መድረክ ላይ እሱ ላይ ተቀምጦ ይመታል፤ የሞቱ ዘፈን ሲመጣ ስፌቱ ይለቃል፣ እሱ ይወርዳል፣ እሷ ትስቃለች። እናቴ ዓርብ ቀኑን ሙሉ ሰፋችው። ሥራዬ ነው፣ ማጥበቅ የሚያውቅ ማላላት አያቅተውም አለች። እኔም አመንኳት። ሲያስቡት ግን የከተማውን አንደኛ ፍራሽ ሰሪ የሚፈርስ ፍራሽ ሥሪልን ማለት ከኛ ቤት በስተቀር ማን ያደርገዋል?

ቅዳሜ ደረሰ። ከአዳራሹ ውጭ ሰልፉ ጥግ ዞሮ ነበር። ቴፑ መበጠሱን ሁሉም ሰምቷል፤ ቀይ ሻርፑን፣ ኮፍያውን ይዞ መጥቷል። እናቴን በጓሮ በር አስገባናት። መድረኩ ላይ ከስክሪኑ ግርጌ ባንዱ ተደርድሯል፤ አባቴ ፍራሹ ላይ ተኮፍሷል፤ እናቴ ከማይክሮፎን ጀርባ ሻርፗን በሁለት እጇ ጨምቃ ቆመች። አንዲት ልጅ ከፊት ወንበር ሆና ይህቺ ሴትዮ ማናት ብላ ስትጠይቅ ሰማሁ፤ አጠገቧ ያለው ዘፋኝ ሳትሆን አትቀርም አለ።

መብራቱ ጠፋ፣ ምስሉ በራ፣ አጎቴ እግሩን መታ። አቤት ደስ ሲል! ያ ዘፈን በቴፕ ከሚሰማው አሥር እጥፍ ሆኖ ወጣ። ሰዉ ያፏጫል፣ ሻርፑ ይውለበለባል፣ አጎቴ «ሽቅብ!» ሲል አዳራሹ «ሽቅብ!» ይላል። የሲኒማ ቤቱ ባለቤት እንኳን በሩ ላይ ቆሞ ሳያስበው ጣቱን ያጮሃል። እኔ ግን እናቴን ብቻ ነበር የማየው።

የሞቱ ዘፈን ገባ። አባቴ መቀመጫውን ማወዛወዝ ጀመረ። ፍራሹ ዝም። አባቴ ከወገቡ ከፍ ብሎ ዱብ አለ። ፍራሹ ወደ ላይ መለሰው። ጨምሮ ዱብ አለ፤ ጨምሮ መለሰው። ሰውየው ድራም እየመታ በፈረስ የሚጋልብ መሰለ፤ አንድ ክር እንኳን አልተበጠሰም። እናቴን አየኋት። ዓይኗ ስፌቱ ላይ ተተክሏል። የገባት ያኔ ነው፤ ላላ አድርጌ ሰፋሁ ስትል እጇ ሳያስፈቅዳት ሁሉንም ሁለቴ ቋጥሮታል። አመል ያወጣል ከመሃል!

ስክሪኑ ላይ ክር ሞተ። ኮፍያው ወደቀ። አዳራሹ ኮፍያውን ጣለ፣ ጸጥ አለ። ሁሉም ይጠብቃል። ካሜራው ኮፍያው ላይ ብዙ ይቆያል፤ አጎቴ ያኔ ዘፈኑ እንዲያልቅለት ብሎ የተወው ነው። እናቴ አፏን ወደ ማይክሮፎኑ አቀረበች። ምንም አልወጣም። ባንዱ የመጨረሻዋን ሐረግ ደገማት። ምንም። ደግሞ ደገማት። የእናቴ ዓይን እንባ ሞላ፤ ፊቷን ወደ አጎቴ አዞረች። እኔ መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ አልኩ።

ያን ጊዜ ከኋላ ወንበሮች አንዱ «ህም» አለ።

ሌላው «ህም» አለ። የፊተኛዋ ልጅ ሲጥ አለች፤ ግራ ቀኙ ሲጥ አለ። ያንን የበር ማጠፊያ ድምፅ ያ ሁሉ ሕዝብ አንድም ሳያዛንፍ አወጣው። ቀጥሎ ናዳው ወረደ። የእናቴን ሳቅ የት ጋ ትንፋሽ እንደምትስብ፣ የት ጋ እንደምትሰበር፣ የት ጋ ሰው እንደምትመታ ያውቁታል፤ እውነትም እዚያ ቦታ ላይ ሲደርሱ እያንዳንዱ አጠገቡ ያለውን ሰው መታ! ረስታ ነው ብለው እያስታወሷት ነው። እናቴ ሳቋን ከሰው አፍ ሰምታ አታውቅም። ሻርፗን አንገቷ ላይ ለቀቀችው። አንድ የሚያፌዝ ፊት አላየችም። አባቴን አየች፣ አሁንም ይጋልባል፤ ስፌቱን አየች፤ እና በቃ፣ መጣ።

ለዓመታት ፍራሽ ውስጥ ሲቀበር የኖረው ሳቅ ሁሉ ባንድ ጊዜ ተነሥቶ መጣ። ማይክሮፎኑ ጮኸ። ክርን፣ ቅርቧ ስለነበር፣ በጥፊ አለችው። የአዳራሹ ሰው የሰማውን ማመን አቅቶት ሳቁን አቆመ። እሷ ናት! እሷ እራሷ ናት! የሚል ጩኸት ከኋላ መጣ። ወዲያው አጎቴ እጁን ወደ ላይ አነሣ። ባንዱ ቆመ። ድንኳን ሲወድቅ ያልቆመው፣ ሙሽራ ሲጠፋ ያልቆመው ባንድ ቀጥ አለ፤ አባቴ ዱላዎቹን አየር ላይ ይዞ ምን እንደሚያደርጋቸው ጠፋው። በዚያ ትልቅ ክፍል ውስጥ የእናቴ ሳቅ ብቻ እስከ መጨረሻው ወረደ።

«ወይ ጉዴ!» አለች። «እጄ እኮ እምቢ አለኝ!»

ከዚያ የቆመውን ባንድ አየችና ደነገጠች። «ምነው፣ ደግሞ አበላሸሁ?»

አጎቴ አኮርዲዮኑን አውልቆ አጠገቧ መጣ። ማይክሮፎኑ ክፍት መሆኑን የረሳው ይመስለኛል። «እታለም፣ ያኔም አላበላሸሽም» አላት።

«እያለቀስክ ስትወጣ በዓይኔ አይቼህ!»

«እየሳቅኩ ነው የወጣሁት» አለ አጎቴ። «አሳዛኝ ፊልም ሠራሁ ብዬ ለሰው ሁሉ ምዬ፣ በራሴ ሰው ሞት ስስቅ ብታዩ ምን ትላላችሁ ብዬ አፈርኩ። ጎረቤት አጥር ሥር ቁጭ ብዬ እስኪያመኝ ሳቅኩ። ደግሞም ቴፑን ልቆርጠው መቀስ አንሥቼ ነበር፤ ደግሜ ስሰማው ከሙዚቃዬ ሁሉ የወደድኩት ያንቺን ሆነ። ከዚያማ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

ይህን ሁሉ ዘመን ሁለቱ ወንድምና እህት ሳቃቸውን አንዱ ካንዱ ደብቀው ኖሩ ማለት ነው! እኔ እንደሆንኩ ሁለቱንም በፍራሽ መደብደቢያው ዱላ ብዬ ባስታርቃቸው ደስ ባለኝ። እናቴ ግን አጎቴን ትክ ብላ አየችው። አጥር ሥር ቁጭ ብሎ ታያት መሰለኝ። «ህም» አለች። አጎቴም «ህም» አለ። ከዚያ በኋላ ማን በማን እንደሚስቅ፣ ማን ማንን እንደሚመታ መለየት አልተቻለም፤ አዳራሹም ተቀላቀለ፤ ቀይ ሻርፕ ይወረወራል፤ የሲኒማ ቤቱ ባለቤት ዓይኑን በኮቱ እጅጌ እየጠረገ ወንበሮቹ የትም አይሄዱም ሲል ሰማሁት። ስክሪኑ ላይ ፊልሙ አልቆ ነጭ ብርሃን ብቻ ቀርቷል፣ ማንም ልብ አላለውም።

እናቴ ዓይኗን ጠርጋ ወደ ባንዱ ዞረች። «ታዲያ ምን ቆማችሁ ትሰሙኛላችሁ? የተጀመረ ዘፈን አይቆምም አይደል? ምቱ እንጂ!»

አባቴ መታ።

አሁን ፊልሙ ቅዳሜ ቅዳሜ ከባንዱ ጋር ይታያል፤ እናቴም ሱቋን ዘግታ ትሄዳለች። ላላ ተብሎ የተሰፋው ፍራሽ እቤታችን ነው፤ አባቴ ይተኛበታል፣ እስከ ዛሬ ፍንክች አላለም። ልብስ ሰፊው እንደገና መራገም ጀምሯል። እናቴ ሳቅ ሲመጣባት ወደ መጋዘን መሮጧን ትታለች፤ እዚያው ደንበኛው ፊት ትስቃለች።